የበጎቹን መርዝ ያወጣችው ትንሽ ዓሣ

በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ቡሪንጃክ የሚባል ግድብ አለ። ድርቅ ሲበረታ ውኃው ይሸሽና በወትሮው ተሸፍኖ የሚኖረው መሬት ይገለጣል። በዚያ መሬት ላይ ዲስፋኒያ የተባለ አረም ይበቅላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እና በ1988 ያረገዙ በጎች ይህን አረም ጋጡ። እናቶቹ ደህና ነበሩ። የወለዷቸው ግልገሎች ግን ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ እየከሱ አለቁ። ሲመረመሩም ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርደው ቧንቧ ተበላሽቶ ተገኘ።

በልጅነቱ ከብት የጠበቀ አንባቢ በዚህ ብዙ አይገረም ይሆናል፤ የትኛው ቅጠል ከብት እንደሚያሳምም እረኛ ያውቃል። ሳይንቲስቶቹን ያስቸገራቸው ግን ሌላ ነው። በአንድ ቅጠል ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። ከዚህ ሁሉ መርዙ የትኛው ነው?

በ2007 በሽታው እንደገና ሲነሣ አረሙ ከዚያው መስክ ተሰበሰበ። መርዙን መፈለግ የያዙት በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ለመፈተኛ የመረጡት በግ ሳይሆን ከሕንድ አካባቢ ወንዞች የመጣች፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ዓሣ ነው። ጎኗ እንደ ሜዳ አህያ የተሰመረ ስለሆነ ዜብራ ዓሣ ትባላለች። ከሰው ጂኖች 70 ከመቶ ያህሉ በእሷም ዘንድ አቻ አላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ጫጩቷ እንደ ብርጭቆ ውስጧ ይታያል። እንቁላሉ በተዳቀለ በሦስተኛው ቀን ጉበቷ ሥራ ይጀምራል፤ ሆዷ ሳይቀደድም በአጉሊ መነጽር ይታያል። ጉበቷ ሲጎዳ ይጠቁራል ወይም ያንሳል፤ የምትመገበው የእንቁላል አስኳልም ሳያልቅ ይቀራል።

ተመራማሪዎቹ የአረሙን ጭማቂ ከፋፍለው እያንዳንዱን ክፍል ጫጩቶቹ በሚዋኙበት ውኃ ላይ ጨመሩ። ጉዳት ያላደረሰውን ተዉት፤ የሐሞቱን ቧንቧ ያበላሸውን ደግሞ እንደገና ከፋፈሉት። እህል በወንፊት እንደ መንፋት ያለ ሥራ ነው። በመጨረሻም አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ቀረ። ቢሊያትሬሶን ብለው ሰየሙት፤ ውጤቱም በ2015 ታተመ።

ዛሬ ለመድኃኒትነት የሚታሰቡ የዕፀዋት ንጥረ ነገሮች ጉበት ይጎዱ እንደሆነ በዚሁ ዓሣ ይፈተናሉ። ዓሣ ሰው አይደለምና በእሷ ላይ ደህና የሆነ ሁሉ ለእኛ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም መርዛሙን ቶሎ ለመለየት ይረዳል።

«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚባለው ነገር ግን እኛንም ይመለከታል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከ2001 ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ፣ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ መርዛም አረም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ በቤታችሁ የአገር ቤት መድኃኒት የሚጠጣ ካለ፣ በቁፓት ሖሊም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። ቅጠሉን ይዞ ሄዶ ማሳየትም ይቻላል። ሐኪሙ ከሚያዘው ክኒን ጋር የማይስማማ ቅጠል አለና።

የግልገሎቹን የመሰለ የሐሞት ቧንቧ በሽታ በሕፃናትም ላይ ይታያል፤ የእነርሱ ግን ከዚህ አረም የመጣ አይደለም። ሕፃን ከተወለደ ሁለት ሳምንት አልፎት ዓይኑ ቢጫ እንደሆነ ከቆየ፣ ይልቁንም ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ፣ በዚያው ቀን ወደ ቲፓት ሐላብ ወይም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚሳካው ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረግ ነው።