ከማሽኑ በስተጀርባ ያለው ሰው
የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ፈልሳፊዎችና የእኛ ድርሻ

መግቢያ

በዱባይ ከተማ፣ በዴራ ክፍል የሚገኘውን የአል ሪጋን መንገድ የማያውቅ የአገራችን ሰው እዚህ አካባቢ ጥቂት ነው። ከሻርጃና ከአጅማን የምንመጣ ተማሪዎች የምንቀጣጠረው እዚያው ነው። በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ እህቶቻችንም ፈቃድ ባገኙበት ቀን የሚመጡት ወደዚያው ነው። በሠፈሩ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ምግቡ ተነሥቶ ቡናው ከተፈላ በኋላ አንድ ሰው ኪቦርዱን ይከፍታል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ክራሩና ዋሽንቱ ሁሉም ከዚያች አንዲት ሣጥን ይወጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ የቆየች እህት ተነሥታ እስክስታ የምትወርደው በዚያ ድምፅ ነው።

በቅርቡ ማኅበራችን ለአዲስ ዓመት በዓል ምን ዓይነት ሙዚቃ ይዘጋጅ በሚለው ጥያቄ ላይ ሲወያይ ሁለት አቋሞች ታይተዋል። አንደኛው ወገን «የማሽን ሙዚቃ የባዕድ ነው፤ ባህላችንን ያጠፋል፤ ክራርና መሲንቆ ብቻ ይቅረብ» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «የእኛ ሙዚቃ ለዘመናዊ ዳንስ አይመችም፤ የውጭውን እናጫውት» አለ። ሁለቱ አቋሞች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የቆሙት በአንድ የተሳሳተ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሌሎች ሥራ ነው፣ እኛ የለንበትም የሚል እምነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን እምነት ከታሪኩ ጋር ማመሳከር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ) «ፕሮዲዩሰር» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በአገራችን የካሴት ዘመን «ፕሮዲዩሰር» ሲባል ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ካሴቱን የሚያሳትመውና የሚያከፋፍለው ነጋዴ፣ ማለትም ሙዚቃ ቤቱ ነበር። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው ዜማውን ይደርሳል፣ ምቱን ይመርጣል፣ መሣሪያዎቹን ይጫወታል፣ ድምፁን ይቀርጻል፣ በመጨረሻም ሁሉንም አመዛዝኖ አንድ ሥራ ያደርገዋል። በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚቀርበው «አቀናባሪ» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አቀናባሪ እያልን እንሄዳለን።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ነጋዴውም ስሙን በካሴቱ ሽፋን ላይ ያትማል። የዳንሱን ድምፅ የሠራው አቀናባሪ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሙዚቃው ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ በተገለበጠ ቁጥር ስሙ ይበልጥ እየጠፋ ይሄዳል።

ለ) ማሽኖቹና ያልታሰበው አጠቃቀማቸው

መሣሪያዎቹ በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ናቸው። ሲንቴሳይዘር ከኤሌክትሪክ ንዝረት ድምፅ ይፈጥራል። ድራም ማሽን የከበሮ ምቶችን በተሰጠው ቅደም ተከተል ይደጋግማል። ሳምፕለር ደግሞ ከሌላ ቦታ የተቀረጸን ድምፅ ቆርጦ እንደ አዲስ መሣሪያ እንዲጫወቱበት ያደርጋል። በራሳቸው ምንም ሙዚቃ አይሠሩም።

ታሪካቸው እንደሚያሳየው ከሁሉ የላቀ ሥራ የተሠራው አንድ ሰው ማሽኑን ሠሪው ባላሰበው መንገድ ሲጠቀምበት ነው። በጃማይካ ኪንግ ተቢ ሙያው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጥገና ነበር። በ1970ዎቹ የድምፅ ማመጣጠኛውን ጠረጴዛ ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ እየተጫወተበት ዘፈኖችን ወደ ደብ ለወጣቸው። በጀርመን ክራፍትቨርክ በ1974 «አውቶባን» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ጆርጆ ሞሮደር በ1977 ከዘፋኟ ዶና ሰመር ጋር በሠራው ሥራ የዳንስ ዘፈን አጃቢ ከሞላ ጎደል በሲንቴሳይዘር ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ።

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 ቲአር-808 የተባለውን ድራም ማሽን፣ በ1981 ደግሞ ቲቢ-303 የተባለውን የቤዝ ማሽን ሠራ። ሁለተኛው የታቀደው ብቻቸውን ለሚለማመዱ ጊታሪስቶች አጃቢ እንዲሆን ነበር። በገበያ ላይ ግን አልቀናቸውም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ምርታቸው ተቋረጠ፤ ዕቃዎቹም በርካሽ ዋጋ በአሮጌ ዕቃ ሱቆች ተገኙ። በዚህ ምክንያት አቅም በሌላቸው ወጣቶች እጅ ገቡ። በዲትሮይት፣ በመኪና ፋብሪካዋ ከተማ፣ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን የተባሉ ጥቁር ወጣቶች ቴክኖን ፈጠሩ። በቺካጎ ፍራንኪ ናክልስ ዌርሃውስ በተባለው ክበብ ከ1977 ጀምሮ ያጫውት ነበር፤ «ሃውስ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። በዚያው ከተማ ፊውቸር የተባለው ቡድን የቤዝ ማሽኑን መቆጣጠሪያዎች እያጣመመ ያወጣው ድምፅ በ1987 ታትሞ አሲድ ሃውስ የሚባለውን ስልት አስገኘ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ፈጠራው የመጣው ከውድ መሣሪያ አይደለም፤ የሚያስፈልገውን ድምፅ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ጆሮ እንጂ።

ሐ) ከካይሮ እስከ አዲስ አበባ

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ካይሮ ውስጥ ከራዲዮ ጣቢያ የሽቦ ድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። የሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ሄዶ ድምፁን ቀረጸ። ከዚያ የድምፁን ክፍሎች እየቀነሰና ማስተጋባቱን እየለዋወጠ ፈጽሞ አዲስ ሥራ አደረገው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀረጸ ድምፅ የሠራቸውን የታወቁ ሥራዎቹን ያቀረበው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። በዚህ ምክንያት የኤል-ዳብህ ሥራ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል።

የዛርን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጎንደርም ሸዋም ያውቀዋል። ከአባይ ሸለቆ እስከ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ድረስ የሚታወቅ የጋራ ልማድ ነው። ከበሮው ይደጋገማል፣ ምቱ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ሰውነት ለምቱ ይገዛል። ከዳንስ ሙዚቃ ጋር ያለው ዝምድና በግልጽ ይታያል።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ደግሞ በቀጥታ ይመለከተናል። ኤል-ዳብህ ከ1962 እስከ 1964 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራርን፣ መሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና ሌሎችንም የአገራችንን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ አሰባስቦ በኅብረት እንዲጫወቱ አደረገ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መርቶታል። እንግዲህ ዛሬ «ንጹሕ ባህላዊ» እያልን የምንጠራው የመሣሪያዎች ኅብረት ሲደራጅ፣ ካደራጁት ሰዎች አንዱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጀማሪ ነበር። ባህሉንና ማሽኑን ጠላቶች አድርጎ ማቅረብ በታሪክ አይደገፍም።

መ) ኃይሉ መርጊያ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ካሴት

ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ የኦርጋንና የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። ከ1974 በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት ለዳንስ የገባ ሰው እስኪነጋ ከሆቴሉ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖን፣ ሙግ ሲንቴሳይዘርንና ድራም ማሽንን ለብቻው ደራርቦ «ሸሞንሟናዬ» የሚል ስም ያለበትን ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን በአገራችን ቀድሞ የነበረና የተወደደ መሣሪያ ነው፤ በስደት ዘመን ድምፁን እንደገና ያስነሣው ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ነው። በዚያው በ1985 ሁዋን አትኪንስ በሞዴል 500 ስም የመጀመሪያውን ሸክላውን በዲትሮይት አወጣ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ሥራቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ሙሉ ባንድ ማቆም በማይቻልበት ቦታ ብቻቸውን ከማሽን ጋር ተቀምጠው የራሳቸውን ሕዝብ ድምፅ አወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሊያስቆጨን ይገባል። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የዚያን ካሴት አንድ ቅጂ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ በዓለም መድረክ ስሙ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። በታክሲው የተሳፈሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስንቶቹ ይሆኑ? ከመካከላቸው ሾፌሩ ማን እንደሆነ የጠየቀ ነበርን?

ሠ) ተከታዩ ትውልድ

ሚካኤል ሰይፉ እንደ ብዙዎቻችን በውጭ አገር ተማሪ ነበር፤ የሙዚቃ ቴክኖሎጂን የተማረው በኒው ጀርዚ ነው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የመጀመሪያውን ያሳተመው ዋሽንግተን የሚገኘው 1432 አር የተባለ አነስተኛ ድርጅት ነው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ሁለቱ ስልታቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። የአዝማሪንና የባህል መሣሪያን ድምፅ ለጌጥ ያህል ጣል አያደርጉም፤ ሥራውን ከዚያ ይጀምራሉ። ሮፍናን ኑሪ ደግሞ በ2018 ባወጣው «ነጸብራቅ» አልበም ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ከጥቂት አዳማጮች አውጥቶ ለብዙኃኑ ወጣት አደረሰው።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለምን ከባድ እንደሆነ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የሃውስ ምት በደቂቃ 120 ቢሆን አራቱ ምቶች ሁለት ሰከንድ ይፈጃሉ። ማሽኑ በተለምዶ እነዚህን ሁለት ሰከንዶች በ16 እኩል ቦታ ይከፍላቸዋል፤ አንዱ ምት ለ4 ማለት ነው። የእኛ ችክችካ ግን አንዱን ምት ለ3 ይከፍላል፤ አራቱ ምቶች 12 ቦታ ይሆናሉ። ችክችካን በ16ቱ ቦታ ውስጥ በግድ የሚያስገባ ሰው የሚያነክስ ሙዚቃ ያወጣል። ትከሻ አይታለልም፤ እስክስታው ይቆማል። አቀናባሪው በ12 መቁጠር እንዳለበት ማወቅ አለበት። የድምፁም ነገር እንዲሁ ነው። ኪቦርድ አንዱን የድምፅ እርከን በ12 እኩል ይከፍላል፤ የመሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን የምታርፈው ጆሮው ባዘዘው ቦታ ነው። ትዝታንና ባቲን ማሽኑ ብዙም አይበድላቸውም፤ አንቺ ሆዬን ግን ያጎሳቁላታል። ዛሬ በኮምፒዩተር እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ሰበብ የለም፤ የሚጎድለው ትጋት ነው።

ረ) ተገቢ የሆነው ትችት

ማሽንን የሚቃወሙት ወንድሞችና እህቶች የሚያነሡት ሁሉ ስህተት ነው ማለታችን አይደለም። ኪቦርድ ሲገባ መለከትና ሳክስፎን የሚነፉ ሙዚቀኞች እንጀራቸውን አጥተዋል። ከኪቦርዱ ጋር ተሞልቶ የሚመጣውን ምት ተጭኖ ብቻ «አቀናበርኩ» የሚልም አለ። ነገር ግን ጥፋቱ የስንፍና እንጂ የኤሌክትሪክ አይደለም። ክራር ይዞም የሌላውን ሥራ ብቻ የሚደግም ሞልቷል። መለኪያው አንድ ነው፦ ሰውየው መሣሪያውን አዘዘው ወይስ መሣሪያው እሱን?

መደምደሚያ

እንግዲህ የበዓሉን ጥያቄ በዚህ መልክ መፍታት እንችላለን። ክራሩም ይቅረብ፣ ማሽኑም ይቅረብ፤ ሁለቱም የእኛ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ነገር እንድናደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በዕለቱ የሚሰማ ሥራ ሁሉ የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የአቀናባሪው ስም ጭምር በመድረክ ይነገር። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ያሉት አሮጌ ካሴቶች ከነሽፋናቸው ይሰብሰቡ፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ይመዝገብ። የኃይሉን ካሴት ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የፈለገው የሌላ አገር ሰው መሆኑን አንርሳ። ሦስተኛ፣ በአል ሪጋ ምግብ ቤት ኪቦርድ የሚጫወተውን ወንድማችንን ጠጋ ብለን «ይህን ምት ከየት አመጣኸው?» ብለን እንጠይቀው። ምናልባት ራሱ የሠራው ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው ባለመኖሩ ግን አልነገረንም። ያቺ እህታችን የሳምንት ድካሟን የምትረሳበት ድምፅ ሠሪ አለው፤ ስሙን ማወቅ የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው።

በጉዳዩ ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ አንባቢዎች ለሚቀጥለው ዕትም ጽፋችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።