መቀነት፦ ከእንዝርት እስከ ወገብ

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል በሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ባለ ብዙ ቀለም ቀስት የሀገራችን ሰው «የማርያም መቀነት» ይለዋል። ሰበብ የሚያበዛውን ሰው ደግሞ «መቀነቴ አደናቀፈኝ ይላል» ብሎ ይተቸዋል። ስሙ እንዲህ በአነጋገራችን ውስጥ ሥር የሰደደው ሰፊ የጨርቅ መታጠቂያ ዛሬ በከተማ የበዓል ጌጥ፣ በገጠር ግን ከማለዳ እስከ ምሽት የማይለይ የሥራ ጓደኛ ነው። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ጎንበስ ብላ የምታርም ሴት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትነሣው። ስለዚህ መቀነት ሲሠራም፣ ሲገዛም፣ ሲታጠቅም ከመልኩ አስቀድሞ አገልግሎቱ ሊታሰብ ይገባል።

ወንዶች ወገባቸውን የሚጠመጥሙበት ረጅም ጨርቅ ድግ ይባላል። ሁለቱም የሚለዩት ከቀጭን ገመድ በስፋታቸው ነው። ገመድ ሲጠብቅ ኃይሉ ሁሉ በአንዲት መስመር ላይ ስለሚያርፍ ሥጋን ይቆርጣል። ሰፊ ጨርቅ ግን ያንኑ ኃይል በወገብና በዳሌ ዙሪያ ያከፋፍለዋል። ሳይቆረቁር የሚደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥጥ እስከ ጥለት

የመቀነት ሥራ ከሸማኔው ጉድጓድ በፊት በፈታይዋ እጅ ይጀመራል። እንደ መተማ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚመረተው ጥጥ ከፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን እየተነደፈ ይፍታታል፤ ከዚያም በአመልማሎ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ለቁመት የሚወጥረው ክር ድር፣ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ደግሞ ማግ ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ በእጅ የተፈተለ ክር ይጠቀማሉ። የፋብሪካው ክር ውጥረት ስለሚችል፣ የእጁ ፈትል ደግሞ ልስላሴና ሙላት ስለሚሰጥ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ለመቀነት የሚወጠረው ድር ከነጠላ ድር በስፋት ያንሳል። ማጉ በየዳሩ ታጥፎ ስለሚመለስ ጨርቁ በሁለቱም ጎን በራሱ የተዘጋ ዳር ይኖረዋል። ከሰፊ ጨርቅ ተቀዶ የወጣ መቀነት ግን ዳሩ ካልተቀመቀመ ይተረተራል። ጥለቱ ባለቀለም ክር በሽመናው መካከል እየገባ የሚወጣ ሲሆን፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ጫፍ ላይ የቀሩት የድር ክሮች እየተገመዱ ይቋጫሉ። «ጉዳዩ ተቋጨ» የምንለው አነጋገርም ከዚሁ የእጅ ሥራ ጋር ይዛመዳል።

በገበያ ላይ እንዴት እንለየው?

የጥለትን መልክ በቀለም ብቻ ያተሙ ጨርቆች ከእጅ ሥራው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ርካሽ መሆናቸው በራሱ ነውር የለውም፤ ችግሩ በሽመና ዋጋ ሲሸጡ ነው። በዚያን ጊዜ ገዢው ገንዘቡን፣ ፈታይዋና ሸማኔው ደግሞ የድካማቸውን ዋጋ ያጣሉ። ለመለየት የሚረዱ ሦስት ቀላል መንገዶች አሉ።

አንደኛ፣ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። የተሸመነ ጥለት በጀርባው በኩል የክሩን መንገድ ያሳያል፤ የታተመ ግን በጀርባው የደበዘዘ ወይም ጭራሹን ነጭ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዳሩን መመልከት ነው። የተዘጋ ዳር የሽመና ምልክት ሲሆን፣ የተቀደደና የተቀመቀመ ዳር ከሌላ ጨርቅ መውጣቱን ይናገራል። ሦስተኛ፣ ሻጩን አስፈቅዶ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

በቤት ውስጥ መሥራት

ሽመና ለማሠራት አቅም ያልፈቀደለት ሰው ካረጀ ጋቢ ወይም ነጠላ ጠንካራውን ክፍል መርጦ ጥሩ መቀነት መስፋት ይችላል። አስቀድሞ ጨርቁን አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሸበሸብ ያልታጠበ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ያጥራል። ቀጥሎ ልኩን መያዝ ነው። የወገብ ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት፣ ሦስት ዙር ለመጠምጠም 2 ሜትር ከ40፣ ለመቋጠሪያና ለሚንጠለጠለው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ቢጨመር በድምሩ 3 ሜትር ይሆናል።

ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ ጨርቁ 42 ሳንቲ ሜትር ተቀድዶ ለሁለት ይታጠፋል፤ ትርፉ 2 ሳንቲ ሜትር ለስፌት የሚገባ ነው። ቅዱ የድሩን አቅጣጫ ተከትሎ በቁመት መሆን አለበት። በአግድም ሰያፍ የተቀደደ ጨርቅ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ማለዳ የጠበቀው መቀነትም ረፋድ ላይ ይላላል። ቁመቱ አልበቃ ብሎ ሁለት ቁራጭ መቀጠል ግድ ከሆነ ቅጥሉ በውስጠኛው ዙር እንዲያርፍ ይደረግ። በመጨረሻም በመካከሉ በቁመት ሁለት ወይም ሦስት መስመር ስፌት ቢሄድበት ጨርቁ ተጠቅልሎ ገመድ ከመሆን ይድናል።

አስተጣጠቁ

ለሥራ ሲሆን የመቀነቱ አንድ ጫፍ ጎን ላይ ይያዝና ጨርቁ ተዘርግቶ ከዳሌ በላይ ይጠመጠማል። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን አብዛኛውን ክፍል እየሸፈነ ጥቂት ከፍ ቢል ወገብን በስፋት ይይዛል። ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ መታጠቅ ስሕተት ነው፤ በተለመደው አተነፋፈስ ይታጠቁ። ታጥቀው ሲያበቁ ሁለት ጣት በመቀነቱና በሰውነት መካከል ከገባ፣ በረጅሙ መተንፈስና ጎንበስ ማለት ከተቻለ ጥብቀቱ ልክ ነው። ቋጠሮው በጎን እንጂ በጀርባ አይሁን። ልጅ በአንቀልባ ያዘለች ወይም ሸክም የተሸከመች ሴት ቋጠሮው አከርካሪዋ ላይ ቢያርፍ ያሳምማታል።

ለበዓል ሲሆን ግን መቀነቱ በቁመቱ ለሁለት ታጥፎ ጠበብ ይላል፤ የተቋጨው ጫፍም በአንድ ጎን እስከ ጉልበት ይለቀቃል። ጥለቱ ደማቅ የሆነ ቀሚስ ባለ አንድ ቀለም መቀነት ያምርበታል፤ ነጣ ላለ ቀሚስ ደግሞ ጥለቱ የጎላ መቀነት ይስማማዋል።

ውበቱ አደጋ እንዳይሆን

የተንጠለጠለ ጫፍ ለበዓል ጌጥ ነው፤ ወፍጮ ቤት፣ ምድጃ አጠገብና ሞተር ብስክሌት ላይ ግን ጠላት ነው። የሚሽከረከር የወፍጮ ቺንጋ ወይም ጎማ ጫፉን ከያዘ ሰውን ጎትቶ ያስገባል። ወደ ወፍጮ ቤት የምትገባ ሴት ጫፉን ከውስጠኛው ዙር ሥር ብትወትፈው፣ ነጠላዋንም ብትሰበስብ ራሷን ታድናለች።

መቀነት ወገብን ይደግፋል እንጂ ሸክምን አያቀልም። ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ከአቅም በላይ ለመሸከም ፈቃድ አይሆንም። አራስ ሴትን በሚመለከት ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው በራሱ ጡንቻ መኮማተር ሲሆን ይህም ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ መቀነት አጥብቆ በማሰር አይፋጠንም። ላላ ያለ ድጋፍ ምቾት ሊሰጥ ይችላል፤ አጥብቆ ማሰር ግን የሆድን ጫና ወደ ታች ይገፋል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከመታጠቋ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር። ትኩሳት፣ ብርቱ ሕመም ወይም ብዙ ደም መፍሰስ የገጠማት አራስ ደግሞ መቀነቷን ፈትታ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት።

እንክብካቤውም ቀላል ነው። ባለቀለም ጥለት ያለው መቀነት ከመታጠቡ በፊት ጫፉ ረጥቦ በነጭ ጨርቅ ይታሽ፤ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይሰጣ። በጫፉ ብር መቋጠር የለመዱ እናቶችም ቋጠሮውን ከውስጠኛው ዙር ቢያደርጉት በገበያ ግፊያ መካከል ከሌባ እጅ ይርቃል።

እናቶቻችን ያገኙትን ሳንቲም የቋጠሩት፣ ወገባቸውን ደግፈው ቤት ያቆሙት በዚህ ጨርቅ ነው። የዛሬው ታጣቂም ለበዓል ሲያጌጥበት ለሥራ የተሠራ መሆኑን ባይዘነጋ፣ በልኩ ቢታጠቀውና ለፈታይዋና ለሸማኔው ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል መቀነት ከእንዝርት እስከ ወገብ የሚያደርገው ጉዞ ሳይበጠስ ይቀጥላል።