ከበረሃው በፊት ሐይቁ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 የጠፈር መንኮራኩሯ ኮሎምቢያ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኤድዋርድስ አየር ምድብ ማረፍ አልቻለችም። ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ስለ ጨቀየ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዋይት ሳንድስ ላይ ወረደች፤ የጀሶ ብናኝም በየስንጥቋ ገባ። በረሃ ውስጥ ያለ ማረፊያ በውሃ መዘጋቱ እንደ ቀልድ ይወራል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከቀልዱ ሥር ያለው እምነት ነው፤ አየር ምድቡ ሞሃቪ በረሃ ላይ የተሠራው ቦታው ባዶና ለምንም የማይረባ ስለነበር ነው የሚለው። የሙያው ሰዎች ሳይቀሩ ሲደጋግሙት መስማት ሰልችቶኛል።

ባዶ መሬትማ ሞልቷል። አየር ምድቡ የሚጠቀምበትን፣ ሮጀርስ የሚባለውን ደረቅ ሐይቅ የሚለየው ወለሉ ነው፤ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ የሸክላ አፈር። ክረምት ሲገባ ስስ ውሃ ይተኛበታል፤ ነፋስ ውሃውን ወዲያ ወዲህ እየገፋ ስንጥቁንና የጎማ ዱካውን በጭቃ ይደፍነዋል፤ ፀሐይ ደግሞ እንደ ጡብ ታጠነክረዋለች። ኮሎምቢያን ያባረረው ውሃ የሜዳው ጠጋኝ ነው ማለት ነው። አስፋልት ሲሰነጠቅ ጥገናው ምን እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም። በረሃነቱ በራሱ እንዲያውም ዕዳ ነው፤ ሙቀት አየሩን ያሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ መንደርደሪያን እንደሚያስረዝም ከአዲስ አበባ ከፍታ የሚነሳ አብራሪ ሁሉ ያውቀዋል።

«ምስጢር ለመደበቅስ?» ይሉኛል። እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1942 የመጀመሪያው የአሜሪካ ጄት፣ ቤል ኤክስፒ-59ኤ፣ ያኔ ሙሮክ ይባል በነበረው በዚሁ ቦታ ሲሞከር መሬት ላይ ሳለ አፍንጫው ላይ የእንጨት ፕሮፔለር ይሰካለት ነበር። በረሃው ብቻውን የሚሰውር ቢሆን አናጺ ምን አስፈለገ? ሌሎች ደግሞ ዛሬ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ማኮብኮቢያ ስላለ የሐይቁ ነገር ታሪክ ሆኗል ይላሉ። ኮንክሪት የሚያሳርፈው ግን በሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ በየአቅጣጫው። የሙከራ አብራሪው ቹክ ዬገር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1947 ከድምፅ ፈጥኖ ሲመለስ ሞተሩ ጠፍቶ እየተንሳፈፈ ነበር፤ ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ስታርፍ የሚሠራ ሞተር አልነበራትም፣ ብትስት ሁለተኛ ዕድል የላትም። ሁለቱንም የተቀበላቸው የሐይቁ ወለል ነው።

ስለ ኤድዋርድስ የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ «በረሃ» ከማለታችሁ በፊት «ሐይቅ» በሉ።