የተመሰከረለት መኪናና ያልተመሰከረለት
ያገለገለ መኪና ለሚገዙ ቤተሰቦች የቀረበ ምክር

በባዕድ አገር ለሚኖር ቤተሰብ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በተለይም በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ አባት ወደ ሥራው የሚሄድበት፣ እናት ከሌሊት ተራ የምትመለስበት፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ቤተሰቡም በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚደርስበት እግር እርሱ ነው። ከእነርሱም መካከል በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ለእነዚያ መኪናው እግር ብቻ ሳይሆን እርሻም ነው። ስለዚህ አዲስ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ በተነሣ ጊዜ የሚያደርገው ምርጫ የቤተሰቡን ኑሮ ለብዙ ዓመት የሚያቀና ወይም የሚያናጋ ነው።

ይህ ሰው ወደ ነጋዴው ግቢ ሲገባ በመልክም በዕድሜም የሚመሳሰሉ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል። በአንደኛው መስታወት ላይ «ሰርቲፋይድ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ይኸውም የተመረመረና የተመሰከረለት ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ ይህ ጽሑፍ የለም፤ ዋጋው ግን በአንድ ሺህ ወይም በሁለት ሺህ ዶላር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በሚበልጥ ይቀንሳል። ታዲያ በዚህ የዋጋ ልዩነት የሚገዛው ነገር ምንድር ነው? እውነተኛ ዋስትና ነውን ወይስ የወረቀት ጌጥ?

የገበያው ችግር

አባቶቻችን በቅሎ በሚገዙበት ጊዜ ጥርሷን አይተው፣ ሰኮናዋን አንሥተው፣ ዳገትና ቁልቁለት አስኪደው፣ በመጨረሻም ከሻጩ ዋስ ይቀበሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበረው ሻጩ የበቅሎዋን ዐመል ሲያውቅ ገዢው ስለማያውቅ ነው። የመኪናም ነገር ከዚህ አይለይም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ምሳሌ አድርጎ አስረድቷል። አሜሪካውያን ጉድለቱ የተሸሸገውን መኪና «ሎሚ» ብለው ይጠሩታል። ገዢው ደኅናውን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው የመካከለኛውን ዋጋ ነው፤ መካከለኛው ዋጋ ግን ደኅና መኪና ላለው ሰው ስለማይበቃው፣ እርሱ መኪናውን ከገበያ ያስቀራል፤ በገበያውም ሎሚው ይበዛል። ለዚህ ችግር ከሚሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና መሆኑን ሊቁ ገልጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እንግዲህ «ሰርቲፋይድ» የሚባለው ነገር የጥንቱ ዋስ በአዲስ መልክ መምጣቱ ነው።

ምስክሩ ማን ነው?

ይህ ሥርዓት የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ መርሴዲስ ቤንዝና ሌክሰስ ባሉ የውድ መኪና ኩባንያዎች ነው። ለጥቂት ዓመታት በኪራይ ውል ተሰጥተው የሚመለሱ መኪኖች ስለ በዙ፣ ኩባንያዎቹ ዕድሜያቸውና የሄዱት ማይል የተወሰነ፣ ከባድ አደጋ ያልደረሰባቸውን እየመረጡ፣ ከመቶ በሚበልጡ ነጥቦች መርምረውና ጠግነው፣ የራሳቸውን ዋስትና ጨምረው ይሸጡ ጀመር። ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሏቸው።

ነገር ግን «ሰርቲፋይድ» የሚለውን ቃል የሚጠቀምበት ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ የሚመሰክርለት ነው፤ ዋስትናውም በአገሩ ሁሉ በሚገኙ የኩባንያው ወኪሎች ዘንድ ይከበራል። ሁለተኛው ነጋዴው በራሱ ስም «መርምሬዋለሁ» የሚልበት ነው፤ የዚህ ዋጋ በነጋዴው ታማኝነት ልክ ነው። ሦስተኛው ሌላ ድርጅት የሚሸጠው የጥገና ውል ብቻ ሆኖ፣ በላዩ ላይ የምስክርነት ስም የተሰጠው ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ጥምጣሙን አይቶ ሊቅ ነው ማለት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የመሰከረው ማን ነው?» የሚል ይሁን። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2006 ሐምሌ ወር ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ.፣ በሕግ እንደ ደነገገው፣ ነጋዴ የምርመራውን ዝርዝር ወረቀት ለገዢው ሳይሰጥ፣ ወይም ሻንሲው የተጎዳውን፣ ወይም የማይል ቆጣሪው ሐሰት የሚናገረውን መኪና «ሰርቲፋይድ» ብሎ መሸጥ አይችልም። በሌላም ግዛት የሚኖር ገዢ ይህንኑ የምርመራ ወረቀት «አሳየኝ» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ደግሞም የመንግሥትን ምርመራ ከዚህ ጋራ የሚያደባልቁ አሉ። በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በአዲስ ባለቤት ስም ከመመዝገቡ በፊት የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ በቨርጂኒያም ምርመራው በየዓመቱ ነው። ይህ በአገራችን እንደምናውቀው እንደ ቦሎ ያለ ነው፤ መኪናው በተመረመረበት ቀን ለመንገድ ብቁ መሆኑን ይናገራል እንጂ፣ በሚቀጥለው ወር ካምቢዮው ቢሰበር የሚከፍል ዋስ አይደለም።

በመስታወቱ ላይ ያለው ሌላው ወረቀት

ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ በሕግ ኃይል ያለው ሌላ ወረቀት አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1985 ጀምሮ የጸና ደንብ አለው፤ በዚህም ደንብ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ «ባየርስ ጋይድ» የተባለውን የገዢ መምሪያ በመኪናው ላይ መለጠፍ አለበት። በዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሣጥን ምልክት ቢደረግበት፣ መኪናው እንዳለ ይሸጣል፤ ከሽያጩ በኋላ ለሚደርሰው ብልሽት ነጋዴው አይጠየቅም ማለት ነው። አንዳንድ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ሽያጭ ይከለክላሉ። «ዋራንቲ» የሚለው ምልክት ቢደረግበት ግን ምን ያህል ጊዜ፣ የትኛውን ክፍል፣ ከወጪውም ስንት እጅ እንደሚሸፍን በዚያው ይጻፋል። ይህ ወረቀት የውሉ ክፍል ነው፤ ነጋዴው በአፉ የተናገረው ግን በጽሑፍ ካልሰፈረ እንደ ነፋስ ነው። ድርድሩ በስጳንኛ የተደረገ እንደ ሆነ በስጳንኛ የተጻፈውን መስጠት ደንቡ ያዛል፤ በአማርኛ እንዲሰጥ ግን የፌዴራሉ ደንብ አያስገድድም። ስለዚህ እንግሊዝኛው የሚከብደው ወላጅ ገና ያልበሰለ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ የብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ከሚፈርም፣ ውል ማንበብ የለመደ ጎልማሳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

የተመሰከረለትም ቢሆን ፈጽሞ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ይኸው ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስን ከሁለት የመኪና ነጋዴ ድርጅቶች ጋራ ጠይቋቸዋል። ምክንያቱም ምርመራቸውን ጥብቅ ነው እያሉ ሲያስታውቁ፣ ጄኔራል ሞተርስም 172 ነጥቦች ይመረመራሉ ሲል፣ ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ ስለ ደኅንነት ጉድለት ለጥገና የተጠሩና ገና ያልተጠገኑ መሆናቸውን በሚገባ ባለመግለጣቸው ነው፤ ነገሩም በስምምነት አልቋል። ስለዚህ የተመሰከረለትም ሆነ ያልተመሰከረለት፣ በመስታወቱ ግርጌ በነጂው ወገን የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለበትን መለያ ጽፎ፣ በትራፊክ ደኅንነት አስተዳደሩ የመረጃ መረብ ላይ ያለ ክፍያ መመርመር ይገባል። ጥሪ ያለበት ሆኖ ከተገኘ፣ ሳይጠገን አይረከቡት።

ሒሳቡ

አሁን ደግሞ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ቶዮታ በዋናው የምስክርነት ደረጃው ለሞተሩና ለካምቢዮው የሚሰጠው ዋስትና 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሚቈጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን መኪናው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ነውና። እንበልና መኪናው 4 ዓመት የሆነውና 48,000 ማይል የሄደ ነው። ከዋስትናው የቀረው 3 ዓመት ወይም 52,000 ማይል ነው። ከዚህም ውስጥ አዲሱ መኪና ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ገና 1 ዓመት ወይም 12,000 ማይል ይቀረዋል፤ ይህም ለሁለተኛው ባለቤት ስለሚተላለፍ፣ ባልተመሰከረለት መኪና ላይም ይገኛል። ስለዚህ ምስክርነቱ በእርግጥ የጨመረው ለሞተርና ለካምቢዮ 2 ዓመት ወይም 40,000 ማይል፣ በተጨማሪም ለሌሎቹ ብዙ ክፍሎች ከግዢው ቀን ጀምሮ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ነው። እንደ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የዝናብ መጥረጊያ ያሉት በሥራ ብዛት የሚያልቁ ነገሮች በዚህ አይገቡም።

በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ ይህ ዋስትና ሦስቱን ዓመት ይዘልቃል። በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳ ባለታክሲ ግን 52,000ው ማይል በ16 ወር ገደማ ያልቃል። ከዚህም በላይ ብዙ የምስክርነት ውሎች መኪናው ለኪራይና ለመንገደኛ ማመላለሻ የዋለ እንደ ሆነ ዋስትናውን ያስቀራሉ ወይም ይወስናሉ። በታክሲ ለሚተዳደር ወገናችን ይህችን አንቀጽ ሳያነብ ተጨማሪ ሁለት ሺህ ዶላር መክፈል፣ የማይከፈተውን ጎተራ ቁልፍ መግዛት ነው።

ለማን የቱ ይሻላል?

እንደ እኛ አስተያየት፣ ድንገተኛ ጥገና ቢመጣ የሚከፍልበት ቁጠባ ለሌለው ቤተሰብ፣ ወይም ጥገናው ውድ የሆነውን የአውሮፓ መኪና ለሚገዛ ሰው፣ በሠሪው ኩባንያ የተመሰከረለት ይሻላል። አንዳንድ ጊዜም ኩባንያው ለተመሰከረለት መኪና የብድር ወለዱን ስለሚቀንስ፣ የዋጋው ልዩነት በዚያ ይጠብባል። በሌላ ወገን መኪናው በጥንካሬው የታወቀ ዓይነት፣ የሰርቪስ ደረሰኙ የተሟላ፣ የፋብሪካ ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ፣ ያልተመሰከረለትን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለጥገና ብሎ ለብቻው ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ነገር የሚያጠፋው ግን ዋሱንም ገንዘቡንም አጣ ማለት ነው።

ያልተመሰከረለትን ለመግዛት የቈረጠ ሰው ምስክሩን ራሱ መፈለግ አለበት። አስቀድሞ በመለያ ቁጥሩ የመኪናውን ታሪክ የሚናገረውን ዘገባ ያውጣ፤ ባለቤትነቱ ላይ የአደጋ ወይም የጎርፍ ምልክት እንዳለ ይመልከት። እንደ 2005ቱ ካትሪናና እንደ 2017ቱ ሃርቪ ካሉ ታላላቅ ማዕበሎች በኋላ፣ ውኃ የዋጣቸው መኪኖች ታጥበው ወደ ሩቅ ግዛት ለሽያጭ መወሰዳቸው የታወቀ ነው፤ ምንጣፉን ገልጦ ጭቃና ዝገት መፈለግ፣ የሻጋታ ሽታም ማሽተት ይገባል። የማይል ቆጣሪውንም አይመን። የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደሩ ባወጣው ግምት፣ ቆጣሪያቸው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሸጡት መኪኖች በዓመት ከ450,000 ይበልጣሉ፤ ቆጣሪው ጥቂት እያለ የፍሬን ፔዳሉ አልቆ ከተገኘ፣ ፔዳሉ ከቆጣሪው ይልቅ እውነት ይናገራል። በመጨረሻም ከሻጩ ጋራ ዝምድና የሌለውን መካኒክ ከ100 እስከ 200 ዶላር በሚሆን ዋጋ ከፍሎ፣ ጋራዥ አስገብቶ ከሥር ያስመርምር። ሻጩ ይህን ምርመራ ከከለከለ መልሱ ተገኝቷል፤ ገዢውም መንገዱን ይቀጥል።

ከሁሉም በላይ ቸኩሎ መፈረም አይገባም። በብዙ ግዛቶች፣ አንድ ጊዜ ተፈርሞ የተወሰደን መኪና «ሐሳቤን ለወጥሁ» ብሎ የመመለስ መብት ሕጉ አይሰጥምና። ነጋዴው «ነገ አታገኘውም» ቢል፣ ሌላ መኪና ነገም ይኖራል። ባልና ሚስት ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ይግቡ፤ ማን እንደ መሰከረ፣ ምን እንደ መሰከረ፣ እስከ መቼም እንደ መሰከረ በአንድነት ይመልከቱ። ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያገኙለት መኪና፣ ጽሑፉ በመስታወቱ ላይ ቢኖርም ባይኖርም፣ የተመሰከረለት እርሱ ነው።