ስለሚናገሩ ሳሕኖች

ዕቃ ይናገራል ቢሉን እንስቅ ይሆናል። ነገር ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን ምክርና ተግሣጽ እያናገሩ ሸጠዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ቀለም ተቀብቶ ወደ ስስ ወረቀት ይገለበጣል፤ ወረቀቱም በሸክላው ላይ ተለጥፎ ቀለሙን ከተወ በኋላ ዕቃው ከእሳት ይገባል። ሳድለርና ግሪን የተባሉት የሊቨርፑል ሰዎች በ1756 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የግድግዳ ሸክላ ማተማቸውን በመሐላ አረጋግጠዋል። በዚህ ዓይነት የኤዞፕ ተረትና የጠፋው ልጅ ታሪክ ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንኳ በሚገባው መልክ ከማዕድ ቀረበ።

ጆሳያ ዌጅዉድ በ1787 ያወጣው ሜዳልያ ግን በቅርጽ የወጣ እንጂ የታተመ አይደለም። በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ «ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ አይደለሁምን?» ብሎ ይጠይቃል። ወይዛዝርቱ በአምባርና በፀጉር ጌጥ ላይ አደረጉት። ፋሽን መሆኑ አያስነቅፈውም፤ ብዙ ዐይን አይቶታልና። እኔን ቅር የሚለኝ መንበርከኩ ነው።

እንግዲህ በኤረር በር ገብተን አንድ የሐረሪ ቤት እንይ። ግድግዳው በሳሕንና በስፌት ተሸፍኗል። ሳሕኑ የውጭ አገር ሸቀጥ ነው፤ ያለበት አበባ እንጂ ምክር አይደለም። ነገሩ ያለው ከአቀማመጡ ላይ ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። ነደባ የሚሉት መደብ አምስት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ቀይ አፈር መቀባቱም በ1887 በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ ነው ይባላል። ከስፌቶቹ አንዱ «ሐማት ሞት» ይባላል፤ አማርኛ ተናጋሪ እንዳይደነግጥ፣ ትርጉሙ የአማት ስፌት ማለት ነው።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። የዌጅዉድ ሜዳልያ ቃሉን በላዩ ስለ ያዘ በየትም አገር ሙዚየም ቢቀመጥ ያንኑ ይጠይቃል። የሐረር ምንጣፍ ግን አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ከተነጠፈ ምንጣፍ ብቻ ነው። ዩኔስኮ በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ስፌቱ ግን በየቀኑ ለጎብኚ እየተሸጠ ይወጣል። ሻጩን አልወቅስም፣ ኑሮ ነው። ለጥናት ወደ ጁገል የምትወርዱ ጓደኞቼ ግን የስፌቱን ስፋት ከመለካታችሁ በፊት በየትኛው ግድግዳ እንደ ተሰቀለ፣ ማን ሰፍታ ለማን እንደ ሰጠች ጻፉ። ይህን የሚነግሯችሁ የቤቱ እናቶች ናቸው።