በትንሽ ወጪ ስለሚሠራ የፀሐይ ብርሃን መለኪያ

ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ በአቧራ፣ በጢስና በደመና ይበተናል ወይም ይዋጣል። የጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ የምንለካበት መሣሪያ የፀሐይ ፎቶሜትር ይባላል።

መሣሪያውን ውድ የሚያደርገው በዋናነት ብርሃንን በቀለም የሚለየው ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ከዋጋው በላይ በእርጥበት የመበላሸት ጠባይ አለው። አሜሪካዊው ፎረስት ሚምስ ግን ኤል ኢ ዲ በሚባለው ትንሽ መብራት ተጠቅሞ ያለ ማጣሪያ ለካ፤ አሠራሩንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 አሳተመ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚያበራው ይኸው ዕቃ ብርሃን ሲያርፍበት በተራው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያውም ለሁሉም ቀለም ሳይሆን፣ ራሱ ከሚሰጠው ብርሃን በሞገድ ርዝመት ጥቂት አጠር ለሚለው ነው። እንግዲህ አንዱ ዕቃ ማጣሪያም ተቀባይም ሆነ ማለት ነው። የቀረው ደካማውን ኤሌክትሪክ የሚያጎላ ክፍል፣ ባትሪ፣ ቮልቲሜትርና የፀሐይን ጨረር ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ነው።

እኛ ተማሪዎች ሽቦው ተያይዞ ቁጥር ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ከአየሩ በላይ ቢሆን መሣሪያው ስንት ቮልት ያሳይ እንደ ነበረ ካልታወቀ ቁጥሩ ምንም አይነግረንም። ይህን ለማግኘት ወደ ጠፈር መውጣት አያስፈልግም። ፀሐይ ከአድማስ በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች ብርሃንዋ የሚያቋርጠው አየር፣ አናት ላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው እጥፍ ነው። ለምሳሌ አናት ላይ ሳለች 1.25 ቮልት፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 1.00 ቮልት ብናነብ፣ አንዱ የአየር ሽፋን ከመቶ 80 እጁን ብቻ አሳልፏል። ስለዚህ 1.25 ለ0.80 ሲካፈል 1.56 ቮልት ይሆናል፤ የምንፈልገውም ይኸው ነው። በተግባር ግን ሁለት ንባብ አይበቃም፤ በየጊዜው ብዙ ንባብ ወስዶ በግራፍ ላይ ማስፈር ይገባል። ሣጥኑም በፀሐይ እንዳይግል መጠንቀቅ ነው፤ የኤል ኢ ዲው ስሜት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣልና። ፀሐይን በዓይን ማየትማ ፈጽሞ አይገባም፤ ሣጥኑን የምናነጣጥረው በጥላው ነው።

ትልቁ አደጋ በሁለቱ ንባቦች መካከል የሚያልፍ፣ ዓይን የማያየው ስስ ከፍተኛ ደመና ነው። እርሱ ካሳሳተን 1.56 ያልነው ቁጥር ሐሰት ይሆንና ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ አረንጓዴና ቀይ ሁለት ኤል ኢ ዲ ጎን ለጎን ማኖር ይሻላል። ደቃቅ ጢስ አረንጓዴውን ከቀዩ ይልቅ ይቀንሳል። የደመና ጠብታና የበረዶ ቅንጣት ግን ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጡ ሁለቱን በእኩል መጠን ይቀንሳሉ። ሁለቱም ንባቦች በአንድነት ዝቅ ካሉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢመስልም የዚያን ሰዓት ንባብ መጣል ነው።