ነጭ ጓንት ያጠለቀው ተጫዋች

ሰው በጦርነት ሲሞት ምን ይቀራል? ሬሳው ከተገኘ መቃብሩ ይቀራል። ሬሳው ካልተገኘስ? ያን ጊዜ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ መቃብር ስለሌለው ስለ አንድ ሰው ይናገራል። ስሙ ቤዝል ማክሊር ይባላል። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

አየርላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተምዕራብ፣ ባሕር መካከል ያለች ደሴት ናት። በማክሊር ዘመን መላዋ አየርላንድ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች። ከብዙ ትግል በኋላ በ1915 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍሏ ራሱን ቻለ፤ ሰሜኑ ክፍል ግን ከእንግሊዝ ጋር ቀረ።

በዚያ አገር ራግቢ የሚባል ጨዋታ አለ። ኳሱ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል። ለጓደኛ በእጅ ሲወረወር ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይፈቀድም። ተጋጣሚው ኳስ የያዘውን ሰው አንቆ ሳይሆን ወገቡንና እግሩን ይዞ ይጥለዋል። ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ጉልበትም ፍጥነትም ይጠይቃል።

ማክሊር በ1873 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተወለደ። የጦር መኮንን ሆነና አየርላንድ ተመደበ። እዚያ ሳለ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። ከ1897 እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ 11 ጊዜ ተሰልፏል። በየካቲት 1897 ዓ.ም. ኮርክ በምትባለው ከተማ አየርላንድ እንግሊዝን 17 ለ 3 ስታሸንፍ እሱም ሜዳ ላይ ነበር። ሰውነቱ ግዙፍ ነው፤ ሆኖም ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም። ሲጫወት ነጭ ጓንት ስለሚያጠልቅ ተመልካቹ ከሩቅ ይለየው ነበር።

በኅዳር 1899 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ነጮች ቡድን ቤልፋስት መጥቶ ገጠማቸው። ማክሊር ከራሱ ወገን ክልል ኳሱን ይዞ ተነሳ። አንዱን እየገፋ፣ ሌላውን እየጣለ የሜዳውን አብዛኛውን ርዝመት ሮጦ ነጥብ አገባ። አየርላንድ 15 ለ 12 ተሸነፈች። ሆኖም ሰው ከውጤቱ ይልቅ ያንን ሩጫ ሲያወራ ኖረ።

በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱን የቆሰቆሱት ነገሥታትና መንግሥታት ነበሩ። የሞተው ግን በአብዛኛው ገበሬው፣ ወዛደሩና የነሱ ልጅ ነው። ማክሊርም ሻምበል ሆኖ ከደብሊን እግረኛ ጦር ጋር ቤልጂግ ውስጥ ኢፐር ወደምትባል ከተማ ዘመተ። ወታደሮቹ ከከተማዋ አጠገብ ያለን አንድ የእርሻ ቦታ «የአይጥ ወጥመድ እርሻ» ብለው ሰየሙት። ገበሬ ያርስበት የነበረ መሬት ምሽግ ተቆፈረበት።

ግንቦት 16 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ጀርመኖች በዚያ ቦታ ላይ የመርዝ ጋዝ ለቀቁ። ጋዙ ክሎሪን ይባላል። ክሎሪን በጣም ጥቂት ሲሆን የመጠጥ ውሃን ከጀርም ያጸዳል። ሲበዛ ግን ሳንባን ያቃጥላል፤ ሰውን አየር አሳጥቶ ይገድላል። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ እዚያ ይተኛል። ስለዚህ ከጥይት የሚያድነው ጉድጓድ ያን ቀን የሞት ጉድጓድ ሆነ። ወታደሮቹ የነበራቸው መከላከያ በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ብቻ ነበር። ከስድስት መቶ በላይ ከነበረው ጦር በእግሩ የተመለሰው በጣም ጥቂት ነው። ማክሊር በዚያ ቀን ሞተ። ዕድሜው 34 ነበር። ሬሳው አልተገኘም።

ሁለት ወንድሞቹም በዚያው ጦርነት ሞቱ። አንደኛው የሞተው በኛው አህጉር፣ በካሜሩን ነው። ካሜሩን ያን ጊዜ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። እዚያ በሁለቱም ወገን ተሰልፈው የተጋደሉት አብዛኞቹ ወታደሮች ጥቁር አፍሪካውያን ነበሩ። የሞቱት ለገዢዎቻቸው ጠብ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1917 ዓ.ም. መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው «በመርዝ ጋዝ አንዋጋም» ብለው ፈረሙ። ኢጣሊያም ፈርማ ነበር። ሆኖም በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቱ የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያ ላይ በአውሮፕላን መርዝ አዘነበ። ይኸኛው ቆዳን የሚልጥ፣ ዓይንን የሚያሳውር ዓይነት ነው። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ገበሬውም፣ ከብቱም፣ ውሃውም ተመረዘ። ፊርማ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ የሚያስከብረው ያስፈልጋል።

በ1919 ዓ.ም. ኢፐር ከተማ ውስጥ ሜኒን የሚባል ትልቅ የድንጋይ በር ተመረቀ። በግድግዳው ላይ መቃብራቸው የማይታወቅ ከ54 ሺህ በላይ ሰዎች ስም ተቀርጿል። የማክሊርም ስም እዚያ አለ። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መለከት ይነፋላቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀጥሏል።

በኛ አገር በመርዝ ካለቁት ውስጥ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ብዙ ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ሲያልፍ ስማቸውም አብሮ ያልፋል። አሁን እናንተ መጻፍ ችላችኋል። ከአባት ከእናታችሁ የሰማችሁት፣ ዘምቶ ያልተመለሰ ሰው ካለ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና የዘመተበትን ዓመት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ተወያዩበት፦
1. ክሎሪን ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ኢጣሊያ ከፈረመች በኋላ በመርዝ መጠቀሟ ምን ያስተምረናል?
3. ከመንደራችሁ ዘምቶ ስላልተመለሰ ሰው ምን ሰምታችኋል?